አራት የአደራ ዶሮዎች

በ2002 ዓ.ም. መጋቢት ውስጥ፣ ማክሰኞ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሃያ ላይ፣ ልደታ ተከራይቼ በኖርኩበት ግቢ የነበረው ማድቤት በዶዘር ፈረሰ። ውስጡ ዶሮዎች ነበሩ።

ዶሮዎቹ የጎረቤቴ የእማማ ናቸው። እማማ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጅ የሌላቸው፣ እንቁላል ሸጠው የሚያድሩ ሴት ነበሩ።

ሰፈሩ ሲነሳ ሑዳዴ ገብቶ ነበር። ለዶሮ ክፉ ጊዜ ነው። ክርስቲያኑ አርዶ አይበላ፣ ልሽጥ ቢል ገዢ የለ፤ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ደግሞ ቀድመው ዕቃቸውን ጭነው ሄደዋል። ብዙ ሰው ዶሮውን ጥሎ ወጣ። እኔ ከሥራ ስመለስ ከፍርስራሹ መሀል እነዚህን ዶሮዎች መያዝ ጀመርኩ። ቀን ላይ ዶሮ ማሯሯጥ ትርፉ ድካም ነው። ጀንበር ስትጠልቅ ግን ዓይናቸው ማየት ያቆማል፤ ከተቀመጡበት አጥር ላይ ሁለቱን ክንፍ በአንድ እጅ ሰብስቦ ማንሳት ነው። የያዝኳቸውን ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ግቢ ላላቸው ሰዎች ሰጠሁ። ማን እንዳሳደገ፣ ማን እንዳረደ አልጠየቅሁም።

የእማማ አራቱ ግን የተጣሉ አልነበሩም። እማማ የደረሳቸው ኮንዶሚኒየም ከከተማው ዳር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። እዚያው ሕንፃ ምድር ቤት የምትኖር አንዲት ሴት ከፋሲካ በኋላ ከሕንፃው ጀርባ ለዶሮዎቹ ጥግ ልትሰጣቸው ቃል ገብታላቸዋለች። እስከዚያ የሚያቆይላቸው ሰው ጠፋ። ዕቃቸው በተጫነበት ቀን እኔን ጠሩኝ።

«አደራህን፣ ልጄ። እንቁላሌ ከቆመ የሰው እጅ ማየቴ ነው።»

«አስቀምጥልዎታለሁ፣ እማማ።»

«አስረህ አቆያቸው። እያንዳንዷ እዚያው እንቁላል ሳትጥል እንዳትፈታ። ዶሮ የጣለችበትን ቤት አትለቅም፤ ካልጣለች ግን ቆጧን ፍለጋ ትመለሳለች።»

አብነት በኩል የማውቀው አናጢ ነበር፤ ወሎዬ፣ ጎልማሳ፣ ከሥራ ቦታው ጀርባ አጥር ያለው ግቢ ያለው። ከድሮው ግቢያችን የሚለየው አንድ አስፋልት ነው። ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ዶሮዎቹን በጨርቅ በተሸፈነ ቅርጫት ይዤ ሄድኩ።

«እናንተ ስትጾሙ ዶሮው ሁሉ ወደኛ ይሰደዳል» አለኝ።

«የሚታረዱ አይደሉም፣ ጋሼ። የአደራ ናቸው።»

«የአደራ ከሆነ ወላሂ ቢላዋ አላሳያቸውም። ግን አንተ ጋዜጠኛ፣ ከሚኒስትር ወደ ዶሮ ወረድክ ማለት ነው?»

የእያንዳንዷን እግር በሲባጎ አስረን ከሥራ ጠረጴዛው እግር ጋር አያያዝናቸው። ነጭ፣ ጥቁር፣ ቀይና ገብስማ።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ደወለልኝ። «አንዷ ጥላለች።»

«የትኛዋ?»

«እንቁላል ላይ ስም ይጻፋል እንዴ?»

ሄጄ እንቁላሉን አየሁ። አንድ ነበር። ሲባጎው የጥቁሯን እግር ልጦት ስለነበር አናጢው እንዲፈቱ ፈለገ። አንድ ሰው የነገረኝን ከሌላ ሳላረጋግጥ አለመጻፍ ሥራዬ ነው። ያን ቀን አንድ እንቁላል ለአራት ዶሮ ምስክር አድርጌ ተቀበልኩ። አራቱንም ፈታናቸው። ለእማማ ስልክ ደውዬ «ለምደዋል» አልኳቸው። መረቁኝ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አናጢው እንደገና ደወለ። ዶሮዎቹ ግቢው ውስጥ የሉም። አብነትን በየቅያሱ፣ በየሱቁ በር፣ በየአጥሩ ሥር ፈለግን። ዶሮ ያን ሁሉ መኪና አቋርጣ ትሄዳለች ብዬ ስላላሰብኩ ወደ ልደታ አልተሻገርኩም። የማድቤቱ ጣሪያ ቆርቆሮም ቀድሞ ተነቅሎ ነበር። የእማማ ዶሮዎች ቆጥ ግን እዚያው ውስጥ እንዳለ ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት እዚያ የቆምኩት ስለ ፈረሳው ለመዘገብ ነበር። ዶዘሩ የማድቤቱን የጭቃ ግድግዳ ገፋው። ከአቧራው ውስጥ ላባ ወጣ። ሹፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ።

«ሰው የለበትም ተብለን ነው» አለኝ።

«ሰው የለበትም» አልኩት።

ጭቃውን በእጃችን ገለጥን። ነጯና ጥቁሯ ሞተዋል። ቀይዋ ትተነፍሳለች፤ ሁለቱም እግሮቿ ተሰብረዋል። ለአናጢው ደወልኩለት፤ ቢላዋ ይዞ መጣ። ትንሽ ቆሞ አያት።

«ቢላዋ አላሳያቸውም ብዬህ ነበር» አለኝ። ቢስሚላህ ብሎ አረዳት። እኔ ጾም ላይ ነበርኩ፤ እሱም ሥጋውን አልወሰደም። ሦስቱንም አንድ ጉድጓድ ውስጥ ቀበርናቸው። ገብስማዋን እስከ አምስት ሰዓት ፈለግናት፤ በድንም ላባም አላገኘንም።

ከሰዓት በኋላ ለእማማ ደወልኩ። እንቁላሉ አንድ እንደነበርና ሁሉንም እንደፈታኋቸው፣ የሆነውንም በቅደም ተከተሉ ነገርኳቸው።

«ገብስማዋስ?»

«አላገኘኋትም፣ እማማ።»

«ሞታ አይተሃታል?»

«አላየሁም።»

«እንግዲያው ሞተች አትበል» ብለው ስልኩን ዘጉ።

በፋሲካ ሳምንት ልጠይቃቸው ሄድኩ። ስለ ዶሮ አላነሱም። ጾሙን እንዴት እንደፈቱ ስጠይቃቸው ምድር ቤት ያለችው ሴት በሳህን እንደምትልክላቸው ነገሩኝ። በረንዳው ላይ ገለባ የተነጠፈበት ባዶ ካርቶን ነበር። አጠገቡ በጣሳ ውሃ ተቀምጧል። ውሃው ንጹሕ ነበር።