ሃምሳ ኪሎ ሜትር በዘጠኝ ሰዓት

ሜልበርን፣ ብሬብሩክ ሰፈር ባለው የቢስክሌት ጋራዥ ሥራ የጀመርኩ ቀን፣ ባለቤቱ ግሬም ሰላም እንኳ ሳይለኝ ወደ አንድ ገንዳ ወሰደኝ። ገንዳው ውስጥ ቅባት የሚያስለቅቅ ፈሳሽ አለ፤ አርባ የሚሆን ካቴና ተዘፍዝፎበታል። ብሩሽ ሰጠኝ።

"ቢስክሌት ትወዳለህ?" አለኝ።

"አልወድም።"

"ታዲያ ለምን መጣህ?"

"የሥራ ፈላጊ ቢሮ ላከኝ።"

ሳቀ። "ሐቀኛ ሰው አገኘሁ" አለ። ተሳስቷል።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ፣ ማንም ሊያባርረኝ አይችልም፤ ስለዚህ ሐቁን ልንገራችሁ። እኔ ሰይድ፣ የኮምቦልቻው፣ ያን ጊዜ አርባ አንድ ዓመቴ ነበር፤ በየትኛውም ቋንቋ አንዲት ፊደል አላውቅም። ኮምቦልቻ የሚከራዩ ቢስክሌቶች ስጠግን ነው ያደግሁት። ቸርኬ የማቃናው በጆሮዬ ነው፤ ሽቦዎቹን በጣቴ እየመታሁ የላላውን ድምፁ ይነግረኛል። ለዚህ ፊደል አያስፈልግም። ሜልበርን ላይ ግን ቢስክሌት ብቻውን አይመጣም። መሪው ላይ ወረቀት ታስሮበት ይመጣል፤ ምኑ እንደሚሠራ የተጻፈው እዚያ ላይ ነው።

ዘዴዬ መነጽር ነበር። "ግሬም፣ መነጽሬን ቤት ረስቼዋለሁ፤ እስኪ አንብብልኝ" እለዋለሁ። አንድ ዓመት ሙሉ አነበበልኝ። አንድ ቀን መረረውና ከፋርማሲ መነጽር ገዝቶ መጣ። ለመጠባበቂያ ሌላም ጨመረበት። እንዲህ ሆኜ ሁለት መነጽር ያለኝ መሃይም ሆንኩ።

ፍሌሚንግተን በሚባለው ሰፈር፣ ከምኖርበት ፎቅ ሥር ባለው አዳራሽ፣ ሰሚራ የምትባል የአገር ልጅ ቅዳሜ ጠዋት ትልልቅ ሰዎችን ታስተምር ነበር። ሄድኩ። ሊፍት ውስጥ "ሰይድ ሀ ሁ ጀመረ" ብለው የሳቁብኝን ሰዎች ስም ዛሬም አልረሳሁም፤ ብጽፈው ዝናቸው ይጨምራል ብዬ ነው የተውኩት። ሰሚራ መጀመሪያ የአማርኛውን አስያዘችኝ፣ ከዚያ የእንግሊዝኛውን። እኔ እንደ ቁልቁለት ልወርድበት እፈልጋለሁ። እሷ "ጋሼ ሰይድ፣ ቀስ ይበሉ እንጂ። ፊደሉ ጥሎዎት አይሄድም" ትለኛለች። አማርኛው ገባኝ። እንግሊዝኛው ግን አጭበርባሪ ነው፤ ግማሹን ፊደል ጽፎ ሲያበቃ አይጠራውም።

ግሬም ከጋራዡ ሌላ የጉዞ ሥራ ነበረው። በየዓመቱ ሜልበርን መብረድ ሲጀምር ጡረተኞችን ወደ እስፔን ይወስዳል፤ መኪና በማይበዛበት የገጠር መንገድ፣ ከአንዱ ጥንታዊ መንደር ወደ ሌላው በቢስክሌት። መካኒኩ ለቀቀበትና እኔን ቢሮው ጠራኝ።

"መካኒክ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ነው የሚነዳው። ከሁሉ ወደ ኋላ የቀረውን ሰው በፍጹም፣ በፍጹም አታልፍም። ገባህ?"

"ገባኝ።"

"የመንገድ ወረቀት ታነባለህ? በስንተኛው ኪሎ ሜትር ወዴት እንደሚታጠፍ የሚናገረውን?"

"አነባለሁ" አልኩ። እንግሊዝኛውን ከጀመርኩ ስድስት ወሬ ነበር።

"ጥሩ። ይሄ ጉዞ ካማረ የእስፔኑ ሥራ በየዓመቱ ያንተ ነው። ካላማረ ወደ ገንዳህ።"

ከዚያ ገንዳ የተነሳ እጄ ክረምትና በጋ ይሰነጣጠቅ ነበር። ሥራውን ፈለግሁት። በሕይወቴ እንደዚያ የፈለግሁት ነገር የለም።

የሄድነው ኤስትሬማዱራ ወደሚባለው የእስፔን ክፍል ነው። ቢስክሌቶቹን ያከራየን ፓኮ የሚባል ሰው ነው፤ ሻንጣችንንም በቫኑ ከሆቴል ሆቴል የሚያደርስልን እሱ ነበር። አንዱን ቢስክሌት ይዤ ፍሬኑን ጨበጥ ሳደርግ ደነገጥኩ። አውስትራሊያ የፊት ጎማ ፍሬን በቀኝ እጅ ነው። እነሱ ጋ በግራ ነው። አንድ ሽማግሌ ቁልቁለት ላይ የኋላውን የያዘ መስሎት የፊቱን ቢጨብጥ፣ በመሪው ላይ ተገልብጦ ይሄዳል። ሆቴሉ ግቢ ውስጥ ተቀምጬ የአሥራ ሁለቱንም ቢስክሌት የፍሬን ገመድ አዛወርኩ። ፓኮ ራሱን ይዞ ጮኸብኝ። ምን እንዳለ አልገባኝም፤ እኔም በወሎ አማርኛ የሚገባውን መለስኩለት። ተግባባን።

ግሬም መጥቶ አየ። "ባለፉት ዓመታት ይሄን ማንም አላደረገውም" አለ።

"ታዲያ ማንም ያልሞተው በዕድል ነው" አልኩት።

ደንበኞቹ አሥር ነበሩ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ከኋላ ሆኜ ከጆአን ጋር ነዳሁ። ጆአን ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው፣ ሰባ አንድ ዓመታቸው። እንግሊዝኛ አንቱ ስለሌለው በአፌ ጆአን አልኳቸው፤ በሆዴ ግን እትዬ ጆአን ነበሩ። ሌሎቹ ከፊት ከግሬም ጋር ናቸው፤ ፍጥነቱን የሚወስነው ግን ኬን የሚባል የባንክ ጡረተኛ ነው። አንገታቸውን ደፍተው፣ የፊተኛውን ሰው ጎማ እያዩ፣ ስምንት ሰዓት ሳይሞላ ሆቴል ገብተው ይቀመጣሉ። እስፔን መጥተው ያዩት የኬንን ጀርባ ነው።

በሦስተኛው ቀን ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት ሶሪታ ከምትባል መንደር ተነስተን ጓዳሉፔ ልንገባ ነው፤ ሃምሳ ኪሎ ሜትር። ግሬም በዋዜማው የበላው የባሕር ቀንድ አውጣ ሆዱን ገለበጠው። ፊቱ እንደ ኖራ ነጥቶ በፓኮ ቫን ውስጥ ሻንጣ ላይ ተጋደመ። በመስኮቱ የመንገዱን ወረቀት ሰጠኝ።

"ዛሬ መሪው አንተ ነህ" አለኝ። ቫኑ ሄደ።

ወረቀቱን አየሁት። ወረቀቱም አየኝ።

እዚህ ላይ የሠራሁትን ስህተት ማንም መካኒክ አይሠራውም። መሪ ከፊት እንደሚነዳ አውቃለሁ። ግን ከሁሉ የሚዘገየውን ሰው በፍጹም እንዳላልፍ ታዝዣለሁ፤ የሰማሁት ደንብ እሱ ብቻ ነው። እትዬ ጆአንን አልፌ ልሄድ ስል እግሬ እምቢ አለ። ስለዚህ እሳቸውን ከሁሉ ፊት አደረግኋቸው፣ እኔ ከኋላቸው፣ ዘጠኙ ከእኔ ኋላ።

"ሲድ፣ ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት አሰላለፍ ነው?" አለ ኬን። ሰይድ ማለት ሁሉንም ስለከበዳቸው ሲድ ነበርኩ።

"ደንቡ ነው።"

እትዬ ጆአን ዞር አሉ። "ኬን፣ ሁለት ቀን ሙሉ አቧራህን በልቻለሁ። ዛሬ ተራው ያንተ ነው።"

የመጀመሪያው መገንጠያ ላይ ቆምን። ወረቀቱን አወጣሁ፣ መነጽሬን አደረግሁ፣ ጀርባዬን ሰጠኋቸው። ፊደል በፊደል፣ እንደ ቅዳሜው፣ በከንፈሬ። ጊዜ ወሰደ። ላብ በጀርባዬ ወረደ። አሁን ይነቃብኛል ስል አንዲት ሴት ከኋላ "ኧረ እዩ!" አለች። አጠገባችን ባለ ቤተ ክርስቲያን ማማ ላይ ረጅም እግር ያላቸው ወፎች ጎጇቸው ላይ ቆመው መንቁራቸውን ያንኳኳሉ። ሁሉም ካሜራ አወጣ።

"ይሄን ልታሳየን ነው ያቆምከን! ግሬም እኮ አንድ ቀን አቁሞን አያውቅም" አለችኝ።

"አዎ" አልኩ። ቀና ብዬ ወፎቹን ያየኋቸው ከዚያ በኋላ ነው። ወደ ግራ ነበር የምንታጠፈው።

በየመገንጠያው እንዲሁ ሆነ። እኔ አነባለሁ፤ እነሱ የድንጋይ ድልድይ ያያሉ። እኔ አነባለሁ፤ እነሱ ከአጥር ማዶ ካለ ገበሬ ጋር በእጅ ያወራሉ።

ሎግሮሳን የምትባለው መንደር ስንገባ ግን ሌላ ነገር መጣብኝ። ከአንድ በር በላይ ጽሑፍ አለ። ሳላስበው አነበብኩት። "ፓ-ና-ደ-ሪ-ያ።" እያንዳንዱ ፊደል ድምፁን ሰጠኝ፤ አንድም አላጭበረበረኝም። በሩ ሲከፈት የትኩስ ዳቦ ሽታ ፊቴ ላይ መጣ። የእስፔን ጽሑፍ እንደኛው ነው፤ የጻፉትን ይጠሩታል። የማላውቀውን ቋንቋ ከምሠራበት ቋንቋ ፈጥኜ አነበብኩ!

ከዚያ በኋላ አበድኩ። "ፋርማሲያ!" ብዬ ጮህኩ። "ፕላሳ ማዮር!" ዋናው አደባባይ ማለት ኖሯል። የበሬ ፍልሚያ ትርዒት ማስታወቂያ ከላይ እስከ ታች አነበብኩ። የውሃ ቧንቧ ላይ የተጻፈውን አነበብኩ። እትዬ ጆአን ተከትለውኝ ጮኹ፣ ከዚያ ሁሉም፣ በመጨረሻ ኬን ሳይቀር። አደባባዩ ላይ የተቀመጡ ሽማግሌዎች አንዷን ቃል አርመውን አጨበጨቡልን። አሥር የሜልበርን ጡረተኞችና አንድ የኮምቦልቻ መካኒክ፣ ዳቦ በእጃችን፣ የፖስታ ቤቱን ስም በአንድ ድምፅ እየጠራን።

ዙሁር ሲደርስ አንድ ዛፍ ሥር ሰገድኩ። ስጨርስ ሁሉም ሣሩ ላይ ተኝተዋል። ኬን ያንኮራፋል። አልቀሰቀስኩትም።

ካኛሜሮ የምትባለውን መንደር አልፈን ዳገቱን በእትዬ ጆአን እርምጃ ወጣን። ከዚያ ቁልቁለቱ መጣ። እሳቸው ከፊት፣ ነጭ ፀጉራቸው ከሄልሜቱ ሥር እየተውለበለበ፣ "ዊ!" እያሉ። መታጠፊያው ላይ ፍሬን ሲይዙ አየኋቸው፤ እንደ አገራቸው፣ ሳያስቡበት፣ በትክክል። እኔም "ዊ!" አልኩ። ከኋላዬ ዘጠኝ ሰው "ዊ!" አለ። በዕድሜዬ እንደዚያ ስቄ አላውቅም፤ አልወድም ያልኩት ቢስክሌት ላይ ሆኜ።

ጓዳሉፔ ስንደርስ የከተማዋ ገዳም ደወል ይደወላል። አሥራ ሁለት ሰዓት ሆኗል። ግሬም ብርድ ልብስ ተከናንቦ ሆቴሉ በር ላይ ቆሟል።

"የት ነበራችሁ? ፖሊስ ልጠራ ነበር!"

"ግሬም፣ ዝም በል" አሉት እትዬ ጆአን። "ከመጣን ጀምሮ እስፔንን ያየሁት ዛሬ ነው።"

እሳቸው ሲገቡ እሱ ወደ እኔ ዞረ። መዋሸት እችል ነበር፤ መነጽሩም ኪሴ ውስጥ ነበር። ግን ያን ቀን ያነበብኩት ሁሉ ጭንቅላቴ ውስጥ እየጨፈረ ነበር፤ ውሸት የሚቀመጥበት ቦታ ጠፋ።

"ሥራ ስጀምር ማንበብ አልችልም ነበር" አልኩት። "መነጽር የረሳሁበት ቀን የለም።"

"አሁንስ?"

"አሁን እችላለሁ። ቀስ ብዬ ነው።"

"ምን ያህል ቀስ?"

"ሃምሳ ኪሎ ሜትር በዘጠኝ ሰዓት።"

ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ ሆዱ ገና አልዳነም ነበርና ሳቁን አቋርጦ ሮጠ። ወደ ገንዳው መልሶ አልሰደደኝም።

በዓመቱ የጉዞው ማስታወቂያ ታተመ። ትራም ላይ፣ ከሰፈሬ ከሬስኮርስ ሮድ እስከ መሀል ከተማ፣ ራሴ አነበብኩት። "በዝግታ የሚደረግ ልዩ ጉዞ፤ በየመንደሩ እንቆማለን" ይላል። ሐሳቡ የግሬም እንደሆነ ተጽፏል። ስሜ የለበትም። ሁለቴ አንብቤ አረጋገጥኩ። ተናደድኩ፤ ዛሬም ስጽፈው ይቆጠቁጠኛል። ግን በየዓመቱ ሄድኩ፣ ጉልበቴ እስኪያቆመኝ ድረስ።

ይህን ሥራ ለምትሠሩ የምለው ይሄን ነው። ሰው ቢስክሌት ላይ ከማስቀመጣችሁ በፊት ፍሬኑ በየትኛው እጅ እንደሆነ እዩ። ከሁሉ የሚዘገየውን ሰው ከፊት አድርጉት። መገንጠያ ላይ ወዴት እንደሆነ ካላወቃችሁ ቁሙና አንብቡ። የሚጠብቃችሁ ሰው የሚያየው ነገር አያጣም።