በሰኞ ገበያ የሚኖር የእንግሊዝ ስም

«የአባትሽ ስም ለጥሪ ካርዱ አይመጥንም፤ በእኛ ስም ትገቢያለሽ» አሉኝ የእጮኛዬ አክስት፣ ሳምቡሳውን ወደ እኔ እየገፉ። «እንግሊዝ አገር ሴቷ የባሏን ስም ነው የምትይዘው።»

የምንነጋገረው ደሴ፣ እነሱ ቤት ቁጭ ብለን ነው። አባቴ ከኩታበር ወርዶ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ያረጀ ሰው ነው። ከሰርጌ የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ስሙ የወጣበትን ካርድ ለሥራ ጓደኞቹ በእጁ ማደል።

የእጮኛዬ ቤተሰብ ስም ግን የእንግሊዝ ነው። እዚህ አልጽፈውም፤ የሱቃቸው ታፔላ ይበቃቸዋል። አክስትየዋ አንድ ዓይነት ይጠሩታል፣ የእጮኛዬ አባት ሌላ ዓይነት፤ ሰኞ ገበያ ያለው ደንበኛ ደግሞ «እነዚያ ጨርቅ ሻጮች» ብሎ ይገላገላል። እጮኛዬ ኢንተርኔት ላይ ገብቶ ስሙ በአገሩም ብርቅ መሆኑን ካወቀ ወዲህ ቤቱ አልተቻለም። የዘር ዓርማ ነው የተባለ ሥዕል አሳትመው ሳሎን ሰቀሉ። ሁለት አንበሶች ጋሻ ይዘዋል፤ ጋሻው ላይ የከርከሮ ራስ አለ። አክስትየዋ ከርከሮ መሆኑን የሰሙት ከተሰቀለ በኋላ ስለሆነ የፕላስቲክ ጽጌረዳ ለጠፉበት።

«ዓርማውም ካርዱ ላይ ይወጣል» አሉ።

«ከነአበባው?»

እጮኛዬ በእግሩ ነካኝ።

ጥግ ላይ የተስቢህ መቁጠሪያቸውን የሚቆጥሩት አያቱ ቀና አሉ። «ከእንግሊዙ ጋር ማን አዛመዳችሁ? አባቴ ከየመን መጥቶ የሰውየውን የቆዳ መጋዘን ይጠብቅ ነበር። ገበያተኛው በጌታው ስም ጠራው፣ እሱም አቤት አለ። ፈረንጁ አገሩ ሲገባ ስሙን ትቶልን ሄደ፤ ሌላ የተወልን ነገር የለም።»

አልሳቅኩም ብል ውሸት ነው።

«አባባ ደክሟቸዋል» አሉ አክስትየዋ። «ወላሂ፣ ምንም የሚያስቅ ነገር የለም!»

«እሺ፣ ኒካው ሲታሰርስ በማን ስም ልትጠሩኝ ነው? የእንግሊዙ ልጅ ብላችሁ?»

«ኒካው በአባትሽ ይሁን፤ እዚያ ማን ይሰማል? ካርዱን ግን ሰው ያነበዋል።»

ወደ እጮኛዬ ዞርኩ። «አንተስ?»

ስልኩን እየነካካ፣ «አንቺ ደግሞ ነገር ታከብጃለሽ። ካርድ ወረቀት ነው፤ ከሰርጉ በኋላ ማን ያየዋል?» አለ።

«ማንም ካላየው የአባቴን ስም ጻፉበት።»

ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ፣ «ትናንት እኮ ማተሚያ ቤት ሰጥተነዋል» አለ።

«ሳትጠይቁኝ?»

«እሺ እንደምትይ መች ጠፋን?» አሉ አክስትየዋ።

ተነሳሁ። ሂጃቤን አስተካክዬ የአያቱን እጅ ሳምኩ።

«ዱዓ ያድርጉልኝ» አልኳቸው።

«አባትሽን ሰላም በይልኝ» አሉኝ።

ጫማዬን በር ላይ አጥልቄ፣ አባቴ ዘንድ ልሄድ ወደ መናኸሪያው ወረድኩ። የሚኒባሱ ረዳት «ኮምቦልቻ፣ አንድ ሰው! አንድ ሰው!» ይላል። ገባሁ፤ በሩን ዘጋው።