የፈቀደ አፍንጫ

ኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ላይ የጋዝ ምድጃ የሚጠግን ሰው የጠየቀ ሁሉ ወደ ፈቀደ ይላካል። ዕድሜው አርባ ስምንት ነው። ከታክሲ ተራው ጀርባ ባለችው ጠባብ ሱቁ ሃያ ዓመት ሠርቷል። ሰፈሩ የሚያውቀው በአፍንጫው ነበር። ገና ደጃፍ ላይ ቆሞ፣ "ጎማው በሲሊንደሩ በኩል ያስተነፍሳል" ይላል፤ ሲታይ እውነት ሆኖ ይገኛል።

በኮሮናው ጊዜ ታመመ። ሳሉ በሁለት ሳምንት ለቀቀው፤ ማሽተት ግን ሳይመለስ ቀረ። ነገሩ የገባው አጠገቡ ሽሮ እያረረ ዝም ብሎ እንደተቀመጠ፣ ባለቤቱ ሰብሌ ከውጭ ሮጣ ስትገባ ነው። የትንሿን ልጁን ራስ ሲስም እንኳ ያ የሚያውቀው ሽታ የለም። ሐኪሙ "ይመለሳል፣ ታገሥ" አለው። ወራት አለፉ። ሰብሌ ደጋግማ ስትጠይቀው ጊዜ አንድ ቀን "ተመልሷል" አላት። ለደንበኞቹ ምንም አልተናገረም። የማይሸተውን የጋዝ ጠጋኝ ማን ቤቱ ያስገባል?

ከዚያ ወዲህ በየመጋጠሚያው የሳሙና አረፋ ይቀባል፤ አረፋው ካበጠ ጋዝ እየወጣ ነው። ጆሮውንም አስጠግቶ ያዳምጣል። እንዲህ እያደረገ አራት ዓመት ያለ ችግር ሠራ።

ባለፈው ጥቅምት አንድ ሰኞ ጠዋት፣ ቤቴል የሚኖሩ እማማ ሸዋገነት የሚባሉ ጡረተኛ አስተማሪ አስጠሩት። የጋዝ ምድጃቸው ካሉት አራት እሳት ማንደጃዎች አንዷ አልበራም ብላለች።

"ቁልፉን ስጫነው ጠቅ ጠቅ ይላል፤ እሳት ግን የለም" አሉት።

ፈቀደ ሌሎቹን ሦስቱን አንድ በአንድ ለኮሳቸው። በሩ። እንግዲያው ሲሊንደሩ ባዶ አይደለም፤ ጥፋቱ እዚያችው ላይ ነው። ሦስቱን አጠፋና የእምቢተኛዋን ክዳን አነሣ። ገንፍሎ የደረቀ ወተት ቀዳዳዎቹን ደፍኗቸዋል። በመርፌ ጠረጋቸው። ብልጭታ የሚሰጠውን ነጭ ጫፍም በእርጥብ ጨርቅ ወለወለው። ሞከረ፤ አሁንም የለም። ከሥር ጋዙ የሚወጣባትን ትንሽዬ ናስ ፈትቶ ወደ ብርሃን አቅንቶ አያት። ድፍን ናት። በቀጭን ሽቦ ከፍቶ መልሶ አሰራት። ቁልፉን አዙሮ ጆሮውን ሲያስጠጋ ሽው የሚል ድምፅ ሰማ። ጋዙ መጥቷል።

በዚህ መሃል ስልኩ ጠራ። አስኮ ያለ ደንበኛ ቀጠሮ ሊያስለውጥ ነበር። ፈቀደ ወደ ተዘጋው መስኮት ዞሮ ረዘም ላለ ጊዜ አወራ። ቁልፉን እንዳልዘጋው ረሳ። ሲመለስም ሳሎን ያለው ሬዲዮ የጋዙን ድምፅ ውጦት ነበር። ክዳኑን ገጠመ። የወለወለው ብልጭታ ሰጪ ጫፍ ገና ስላልደረቀ፣ በክብሪት ልለኩሰው ብሎ አንድ እንጨት መዘዘ።

"ፈቀደ፣ ክብሪቱን እንዳትጭር" አሉ እማማ ሸዋገነት በሩ ላይ ቆመው። ድምፃቸው ከፍ አላለም። "ቤቱ በጋዝ ታፍኗል። አንተ አይሸትህም?"

እጁ ባለበት ቀረ። ቁልፉን አየው፤ ክፍት ነው። እሱን ዘጋ፣ ሲሊንደሩንም ዘጋ። "መብራት ሳይነኩ ወደ ውጭ ይውጡ" አላቸውና በሩንና መስኮቱን ብርግድ አድርጎ ከፍቶ ተከተላቸው። ግቢው ውስጥ ደረጃው ላይ ተቀመጡ።

"አይሸተኝም" አለ በመጨረሻ። "አራት ዓመት ሆነኝ።"

እማማ ሸዋገነት ወደ እሱ ዞሩ። "ስትገባ ለምን አልነገርከኝም?"

"ብነግርዎት ያስገቡኝ ነበር?"

አሰቡበት። "አላስገባህም ነበር። ምርጫው ግን የኔ ነበር፤ እኔም እዚያው ቤት ውስጥ ነበርኩ።"

ይቅርታ ጠየቃቸው። ቁጣ ሲጠብቅ ቁጣው አልመጣም፤ ይህም ይበልጥ ከበደው።

ቤቱ እስኪናፈስ ብዙ ጠበቁ። ከዚያ እማማ ሸዋገነት ቀድመው ገቡና ጎንበስ ብለው ከምድጃው ሥርና ከማእድ ቤቱ ጥጋ ጥግ አሸተቱ። "አሁን የለም" አሉ። ፈቀደ ዕቃውን ሊሰበስብ ሲል፣ "የጀመርከውን ጨርስ። እኔ እዚህ እቆማለሁ" አሉት። መጋጠሚያዎቹን በአረፋ ፈተሸ። ጫፉ ደርቆ ነበር። ቁልፉን ተጭኖ ሲያዞረው ሰማያዊ ነበልባል ዙሪያውን ሞልቶ ተነሣ።

ለምሳ ቤቱ ገባ። "ተመልሷል ያልኩሽ ውሸት ነው" አላት ሰብሌን፤ የሆነውንም ሁሉ ነገራት።

ሰብሌ ጭልፋውን አስቀመጠች። "ታዲያ በየቀኑ ወጡ ጣፈጠ የምትለኝስ?"

"ጨውና በርበሬው ይታወቀኛል። ሌላው የለም።"

"ይህን ሁሉ ጊዜ ብቻህን ይዘኸው ኖርክ" አለችውና አለቀሰች።

ከማግስቱ ጀምሮ ደጃፍ ላይ ሳለ ይናገራል። የአስኮው ደንበኛ "ይቅርታ፣ ሌላ ሰው ልፈልግ" ሲለው ቦርሳውን አንሥቶ ተመለሰ፤ አልተቀየመውም። ሥራው ቀነሰ። ሱቁ ውስጥ ያለ ሥራ የሚውልባቸው ቀናት አሉ። እማማ ሸዋገነት ግን ሁለት ጎረቤቶቻቸውን ልከውለታል። ባስገቡት ቤት ሁሉ አንድ ሰው አጠገቡ እንዲቆምለት ይለምናል። እሳት ከመለኮሱ በፊት ዞሮ "ይሸታል?" ብሎ ይጠይቃል፤ ሰውየው ጎንበስ ብሎ አሽትቶ እስኪመልስለት ድረስም እጁን አይዘረጋም።