ማቻዬን ለግፊት ያከፋፈለችው እናቴ

እንጆሪው ተፈጭቶ፣ ወተቱ ሞቆ፣ የማቻዬን ቆርቆሮ ስከፍተው ባዶ ነው።

ማቻን ለማታውቁት፣ እንደ ቡና የሚያነቃ አረንጓዴ የሻይ ዱቄት ነው፤ በወተትና በእንጆሪ ይጠጣል። እህቴ ከዱባይ በሰው ልካልኝ ለዛሬ ያስቀመጥኩት። እንጆሪውን ፍለጋ ደግሞ ከተማውን ሁሉ ዞሬያለሁ።

"እማ፣ እዚህ ውስጥ የነበረውስ?"

"ሽፈራውን ነው? ለግፊት ጥሩ ነው ብዬ ባለፈው ሳምንት ለጎረቤት አካፈልኩት። ለብቻሽ ልትጨርሺው ነበር እንዴ?" አለችኝ፣ ሽንኩርቷን እየከተፈች።

እናቴ ዘንድ አረንጓዴ ዱቄት ሁሉ ሽፈራው ነው። እህቴ ሂና ባለመላኳ ተመስገን።

ስንጨቃጨቅ በሩ ተንኳኳ። ከታች ፎቅ ያሉት እትዬ ብርቄ ናቸው፣ ባዶ ብርጭቆ ይዘው።

"ልጄ፣ ያቺ ሽፈራው ኃይለኛ ናት። ጠዋት ማታ በጥብጬ እጠጣታለሁ። ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አይዞርም፣ ልቤም ድው ድው ይላል። እየሠራች ነው መሰለኝ። ኪኒኑንማ ከተውኩት ሰነበትኩ። ትንሽ ጨምሪልኝ።"

ከዚያ በኋላ እንጆሪው ትዝም አላለኝ። ይዣቸው ጤና ጣቢያ በረርኩ። ነርሷ ግፊታቸውን ለክታ የተቆጣችው እኔን ነው።

ይህን የምጽፈው እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ ሆኜ ነው። እትዬ ብርቄ መድኃኒት ተሰጥቷቸው ተኝተዋል። እናቴ ደግሞ የልደታን ኮንዶሚኒየም ደረጃ ስትወጣ ስትወርድ፣ ያከፋፈለችውን ከየቤቱ እየለቀመች ነው።

ንዴቴ ግን አልበረደም። "ለግፊት ጥሩ ነው" በተባለ ነገር የሐኪም ኪኒን የተወ ሰው እናንተም ቤት አለ? ጻፉልኝ። መጀመሪያ ግን ተነሱና ኪኒኑን አስውጡት።