እናቴ ወርቅ ያጠበችበት ቀን

ጎረቤታችን ቤቱን ሊያድስ በራችን አጠገብ ያስደፋው አሸዋ፣ የጠዋት ካፊያ ነክቶት ፀሐይ ስትወጣበት ብልጭ ብልጭ ሲል ቆሜ ሳየው ወደ አሥራ ስምንት ማዞሪያ የሚሄደው ታክሲ ጥሎኝ ሄደ። እኔ ግን በሐሳብ ክብረ መንግሥት ደርሼ ነበር።

ያኔ አሥር ዓመቴ ነው። እናቴ ኮልፌ ገበያ ጨርቅ ትሸጣለች፤ አባቴ ካረፈ ሁለት ዓመት ቢሆነውም ስሙ ቤታችን ውስጥ አይነሣም፤ ያነሣሁ እንደሆነ እናቴ ብድግ ብላ ጓዳ ትገባለች። ያን ክረምት ክብረ መንግሥት የምትኖረው ታላቅ እህቷ ኑ እያለች ደጋግማ ስለላከችባት ሱቋን ዘግታ ወደዚያ ወደ ጥንቱ የወርቅ አገር ይዛኝ ሄደች። እኔ ለሰፈር ልጆች ሁሉ ወርቅ ቃል ገብቼ፣ አንዷ እንዲያውም የወርቅ ጥርስ አዝዛኝ፣ ሐዋሳ አድረን በማግሥቱ ስንደርስ ያገኘሁት እንደ ኮልፌ ያለ ጭቃ ነው፤ ልዩነቱ ቀላ ማለቱ ብቻ።

አክስቴ ግን ልታስጎበኘን ቆርጣ ነበርና በነጋታው፣ ድሮ ወርቅ በተቆፈረባቸው፣ አሁን ውኃ አቁረው እንቁራሪት በሚንጫጫባቸው ጉድጓዶች መሀል እየመራች ወንዝ ዳር አደረሰችን። እዚያ ጎረቤቷ አዴ ሎኮ፣ ዕድሜ ልካቸውን ወርቅ ሲያጥቡ የኖሩ አሮጊት፣ እስከ ጉልበታቸው ውኃ ውስጥ ቆመው አሸዋውን በእንጨት ገበታ ያሽከረክራሉ፤ ቀላሉን ውኃው ይወስደዋል፣ ከባዱ ከሥር ይቀራል። እኔ ሞክሬ ሁሉንም ደፋሁት። ከዚያ ቀና ብለው እናቴን አዩና፣

«አንቺስ? ዳር ቆሞ ያገኘ የለም» አሏት።

እናቴ ጫማዋን አውልቃ፣ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ገባች፤ ሦስተኛው እርምጃ ላይ አንሸራተታትና ውኃው ውስጥ ቁጭ አለች። አክስቴ ልታነሣት ገብታ እሷም አጠገቧ ዘፍ ስትል፣ እናቴ ሆዷን ይዛ፣ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ኋላም ገበታ ተቀብላ ስታጥብ ቆይታ፣ አዴ ሎኮ ከገበታዋ ጥግ የጤፍ ፍሬ የማታህል ቢጫ ነገር ሲያሳዩአት፣ ለማየት ስታጎነብስ ሳቋ ተመለሰና ገለበጠችው። ወርቃችን ወንዝ ገባ።

ቀሚሷን እየጨመቀች፣ እኔን ሳታይ፣ «አባትሽ ይሄን ቢያይ ወር ሙሉ ይስቅብኝ ነበር» አለች።

ከዚያ በኋላ ማን ያስቁማት። በመልሱ ጉዞ ሁለት ቀን ሙሉ አውቶቡስ ላይ ስለ እሱ አወራችልኝ፤ እንዴት እንደተዋወቁ፣ ሲዘፍን ዜማ እንደሚያበላሽ፣ ኪሱ ቆሎ እንደማያጣ። እኔም መስኮቱን ትቼ አፍ አፏን አያለሁ።

ዛሬ እናቴም አክስቴም የሉም። ልጆቼ ስለ ወንድ አያታቸው ሲጠይቁኝ የምነግራቸው ያኔ የሰማሁትን ነው፤ ሳልጠይቅ የቀረሁት ስንት እንደሆነ የሚገባኝም በእነሱ ጥያቄ ነው። በቀደም ትንሿ ልጄ «ረጅም ነበር?» አለችኝ። አላውቅም። እሱ ሲያርፍ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ያኔ ለእኔ ሰው ሁሉ ረጅም ነበር።