የሟቹ ሚስት «ወንድም»

ከምታከብሩት ታላቅ ሰው ጋር ቁጭ ብላችሁ ፊልም እያያችሁ፣ ስክሪኑ ላይ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ድንገት መጠጋጋት ሲጀምሩ ምን ታደርጋላችሁ? ውኃ ልትጠጡ ትነሳላችሁ? ስልካችሁ ሳይጠራ «ሃሎ» ትላላችሁ? ሪሞቱ እጃችሁ ላይ እያለ ትፈልጋላችሁ? ደርሶባችሁ የሚያውቅ ከሆነ እኔን ለመረዳት አትቸገሩም። ልዩነታችን እናንተ የሸሻችሁት ለአንድ ደቂቃ መሆኑ ነው። እኔ ስድስት እሁድ ሸሽቻለሁ፤ ያውም የፊልሙ አስተርጓሚ ሆኜ።

በቅደም ተከተል ላስረዳ። ቴፒ የተመደብኩት ጂኦግራፊ ላስተምር ነው። የተከራየሁባት ክፍል ያለችበት ግቢ ባለቤት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌና የመዘምራን ኃላፊ ናቸው። ጋሼ እላቸዋለሁ፤ ባለቤታቸውን ደግሞ እትዬ። ከጌጫ መጥተው አብረዋቸው የሚኖሩትን የጋሼን እናት ሁሉም ሰው እማማ ይላቸዋል። እማማ የሚናገሩት የሸካ ቋንቋ ብቻ ነው፤ አማርኛ ሲሰሙ በትህትና ፈገግ ይላሉ፣ ከዚያ ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። ሥራቸው ቡና መልቀም ነው። ሰፌዱን ጭናቸው ላይ አድርገው የተሰበረችውንና የጠቆረችውን ፍሬ እያወጡ ይጥላሉ። የእሳቸው ዓይን ያሳለፈው ቡና ድጋሚ አይፈተሽም ይባል ነበር።

በዚያ ሰሞን ለጋሼ አንድ ትልቅ ጉዳይ አቅርቤ ነበር። ሚዛን ተፈሪ የምትሠራ አንዲት ነርስ አለች፤ ልንጋባ ተስማምተናል። የቀረው ሽማግሌ መላክ ነው። ወላጆቼ ሩቅ ስለሆኑ አባቴ በስልክ «እዚያ ያሉት ሰውዬ እንደ አባት ይሁኑልህ» አለኝ። ጋሼን ስጠይቃቸው አገጫቸውን ያዙ።

«የሰውን ልጅ ለጋብቻ ስጠይቅ ስለ አንተ በአፌ መመስከሬ ነው፤ የማላውቀውን አልመሰክርም» አሉኝ። «ትንሽ እንተዋወቅ።»

የተዋወቅነው በዌልስ ድራማ ነው።

ዌልስ ከእንግሊዝ ጎን ያለች ትንሽ አገር ናት። ተራራማ ናት፣ ዝናባም ናት፣ ከእንግሊዝኛ ሌላ የራሷ ቋንቋ አላት። አንድ የሥራ ባልደረባዬ በፍላሽ የሰጠኝ የዚያ አገር የወንጀል ምርመራ ድራማ ደግሞ ጨለምተኛ ከሚባለው ወገን ነው። ዝናብ እየዘነበ ይጀምራል፤ ዝናብ እየዘነበ አስከሬን ይገኛል፤ ዝናቡ ሳያባራ መርማሪዋ ትደርሳለች። ተኩስ የለም፣ መኪና አይገለበጥም፣ የሚስቅ ሰው የለም። አንድ እረኛ አንድ ጥያቄ ይጠየቃል። ተራራውን ያያል። እኛም አብረነው ተራራውን እናያለን። ከብዙ ጊዜ በኋላ «አላውቅም» ይላል። ይህን ፊልም የሚወድ ሰው ይኖራል ብዬ አላሰብኩም ነበር፤ እኔ ግን ከአንደኛው ክፍል ጀምሮ ተያዝኩ።

አንድ እሁድ ከሰዓት፣ ከምሳ በኋላ፣ ክፍሌ ውስጥ ብቻዬን እያየሁ በሬ ተንኳኳ። ጋሼ ናቸው፤ ጃንጥላቸውን እንኳ አላጠፉም።

«መምህር፣ ይህ መዝሙር ከየት ነው?»

ፊልሙ ውስጥ የሟቹ ቀብር ላይ መዘምራን እየዘመሩ ነበር። ጋሼ ቆመው እስከ መጨረሻው ሰሙና «ባሶቹ፣ ወፍራም ድምፅ የሚያወጡት፣ ጎበዞች ናቸው» አሉ። ከዚያ «ይህማ ለብቻ የሚታይ አይደለም» ብለው ኮምፒውተሬን በገመድ ከሳሎኑ ቴሌቪዥን ጋር አገናኝተን ከመጀመሪያው እንድጀምር አዘዙ። እኔ ከስር የሚወጣውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ወደ አማርኛ እመልሳለሁ፤ ጋሼ ደግሞ ለእማማ በሸካ ቋንቋ ያቀብላሉ።

እማማ የመጀመሪያውን ተራራ እንዳዩ አንድ ነገር ተናገሩ።

«ጌጫ ነው ትላለች» አሉ ጋሼ። «ፈረንጆች መቼ ገቡ እያለች ነው።»

እውነትም ጌጫን ይመስላል፤ ጉሙ፣ አረንጓዴው ዳገት፣ በጎቹ፣ ዝናብ ላይ ቆሞ የሚያወራው ሰው። እኔ እንደ ጨለማ የቆጠርኩት ለእነሱ የተለመደ አየር ነበር። የከበዳቸው ሌላው ነው። መርማሪዋ ሰው በሌለበት ቤት ባትሪ ይዛ ስትገባ እትዬ ተጨነቁ፤ «ማብሪያውን ለምን አትነካውም? እዚያም መብራት ይጠፋል?» ሻይ ተቀድቶላት ሳትቀምስ ስትነሳ ደግሞ «ይህች ልጅ ከመጣች ጀምሮ እህል በአፏ አልዞረም። ገዳዩን ሳታገኝ ራሷ ትሞታለች» አሉ። ከሁሉ የባሰው ለቅሶው ነበር። «ሰው ሞቶ ሦስት ቀን! ድንኳኑ የታለ? ጎረቤት የታለ? እንደኔ ከሆነ ሁሉም ይታሰሩ።»

ስህተቴ የመጣው እዚህ ላይ ነው።

ሟቹ ድንጋይ የሚፈለጥበት ካባ ባለቤት ነው። አስከሬኑ ከካባው ሥር ተገኝቷል። ሚስቱ ብቻዋን ቤት ተቀምጣለች። ቀብሩ ላይ ያዘመረው የመዘምራን መሪ በጓሮ መስኮት ይገባል፤ ያቅፋታል፤ እሷም «ማንም እንዳያውቅ» ትለዋለች። ጋሼ ሰውየውን ሲያዩ የሥራ ባልደረባ እንዳገኘ ሰው ወደፊት ጠጋ ብለው «ይህ የመዘምራን መሪው አይደለም? እሷ ምኑ ናት?» አሉኝ።

ትክክለኛው ትርጉም «ውሽማው ናት» ነው። ግን የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ፊት፣ ስለ መዘምራን መሪ፣ ሽማግሌ እንዲሆኑኝ በለመንኩ በአራተኛው ቀን!

«እህቱ ናት» አልኩ። «ሊያጽናናት መጥቶ ነው።»

«ይገባዋል!» አሉ እትዬ። «ከዚያ ሁሉ ሰው ለቅሶ የደረሰ እሱ ብቻ ነው።»

እንዲህ ሆኖ ነፍሰ ገዳዩ የቤታችን የጨዋነት ምሳሌ ሆነ።

አንድ ውሸት ለብቻው እንደማይኖር ተማሪዎቼን ስገስጽ ደጋግሜ ተናግሬአለሁ። በሁለተኛው እሁድ ጋሼ «ወንድሟ ከሆነ ለምን በመስኮት ይገባል?» ሲሉ «በሩ እንጨት ነው፣ በዝናብ አብጦ አይከፈትም» አልኩ። እትዬም «እውነቱን ነው፤ የኛም ማድ ቤት በር በክረምት እንዲሁ ነው» ብለው ደገፉኝ። ሁለቱ ሲቀራረቡ ወደፊት የሚያዘልለውን ቁልፍ እጫንና ኮምፒውተሩ ያዘ እላለሁ።

«ይህ ኮምፒውተር የሚይዘው ሰው ሲተቃቀፍ ብቻ ነው?» አሉ ጋሼ በሦስተኛው እሁድ።

«ይሞቃል ጋሼ።»

«እሱስ ይሞቃል» አሉ እትዬ፣ ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ ሳያነሱ።

ሥርዓት ስለምወድ፣ እንዳልሳሳት ደብተር ያዝኩ። በማስመሪያ ሦስት ዓምድ አሰመርኩ፦ የሰውየው ስም፣ እውነተኛ ዝምድናው፣ እኔ የነገርኳቸው ዝምድና። እሁድ ጠዋት የዕለቱን ክፍል ብቻዬን አስቀድሜ አይቼ፣ ደብተሩን እንደ ትምህርት ዝግጅት አጠናዋለሁ።

ያላሰብኩት እማማን ነው። የእኔ ትርጉም ሳይደርሳቸው በፊት ዓይናቸው ይደርስ ነበር። በሁለተኛው እሁድ ወደ ስክሪኑ እያመለከቱ አንድ ነገር ተናግረው ሳቁ። ጋሼ በቁጣ መለሱላቸው።

«ሰውየው የሷ ነው ትላለች» አሉኝ። «ወንድሟ ነው ብያታለሁ። ወንድም እህቱን እንዲህ አያይም ትላለች።» ራሳቸውን ነቀነቁ። «ዓይኗ ደክሟል። ቅድም ያንን በግ ውሻ ነው አለችኝ። በግ አይደለም እንዴ መምህር?»

ውሻ ነበር። ግን ጋሼን ማረም ከበደኝና «በግ ይመስላል» አልኩ።

እማማ ወደ ቡናቸው ተመለሱ። በአራተኛው እሁድ መዳፋቸውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስተው ጣቶቻቸውን ሲቆጥሩ አየኋቸው። በአምስተኛው እሁድ ሰፌዱ እትዬ ጭን ላይ ነበር። እማማ እጃቸውን አጣጥፈው ግድግዳ ተደግፈዋል።

«አልለቅምም ብላለች» አሉ ጋሼ። «ዓይኔ ካታለለኝ የሰው ቡና አበላሻለሁ አለች። የፊታችንን ትቼ በሚቀጥለው ቅዳሜ ሚዛን ወስጄ ለዓይን ሐኪም አሳያታለሁ።» ከዚያ ትከሻዬን መታ አደረጉኝ። «ያንተንም ጉዳይ በዚያው መንገድ እጨርሳለሁ። አሁን አውቄሃለሁ።»

አምስት ሳምንት የጠበቅኩት ቃል ነው። ደስ ሊለኝ ሲገባ ዓይኔ ከእማማ ባዶ እጅ ላይ አልነሳ አለ።

በስድስተኛው እሁድ ምሥጢሩ ሁሉ ተፈታ። መርማሪዋ የመዘምራን መሪውን ጸሎት ቤቱ ውስጥ ፊት ለፊት አስቀምጣ «ትወዳት ነበር፤ ባሏን የገደልከው ለዚያ ነው» ትለዋለች። እሱም ያለቅሳል። ሦስቱም ወደ እኔ ዞሩ። አይ፣ ሁለቱ። እማማ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር።

መልሱ ደብተሬ ላይ ተዘጋጅቷል፦ «የእህቱን ርስት ሊያስከብር ገደለው» የሚል። በሚገባ ተጠንቷል። አፌን ከፈትኩ፤ እማማን አየሁ፤ ፊልሙን አቆምኩት።

«ጋሼ፣ ወንድሟ አይደለም።»

«ማን?»

«የመዘምራን መሪው። ውሽማዋ ነው። ከአንደኛው ክፍል ጀምሮ። መስኮቱም በበሩ ምክንያት አይደለም። ኮምፒውተሩም አልያዘም። የእማማ ዓይን ደህና ነው።» ደብተሩን አቀበልኳቸው።

ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ዓምድ በዓምድ አነበቡ። የዝናብ ድምፅ ብቻ ይሰማል። ፊልሙን ስላቆምኩት ዝናቡ የራሳችን ነው።

አንብበው ሲጨርሱ መጀመሪያ ያነጋገሩት እኔን አይደለም። ወደ እናታቸው ዞረው በቋንቋቸው ቀስ ብለው አስረዱ። እማማ ዓይናቸውን ገለጡ። አዳመጡ። ከዚያ ሻሻቸው እስኪወርድ ድረስ ሳቁና አንድ ጥያቄ ጠየቁ።

«ውሻውስ? ትላለች» አሉ ጋሼ።

«ውሻ ነው እማማ» አልኩ። ይህኛው ትርጉም አላስፈለገውም። እጃቸውን ዘርግተው ሰፌዱን ከእትዬ ጭን ላይ ወሰዱ።

«ስድስት እሁድ ዋሸኸኝ» አሉ ጋሼ።

«አዎ ጋሼ።»

«ለምን?»

«ያፍራሉ ብዬ ነው።»

«እኔ?» ደብተሩን ከደኑት። «እኔ ሽማግሌ ነኝ መምህር። ሰው ሲማግጥ፣ ሲካካድ፣ ሲደባደብ የሚመጣው ወደ እኔ ነው። ከዚህ ፊልም የባሰውን ረቡዕ ረቡዕ እሰማለሁ። ያፈርከው አንተ ነህ።»

«እኔማ በሁለተኛው እሁድ አውቄ ነበር» አሉ እትዬ። «በሩ ሲከፈት አየሁታ።»

«አንቺ ደግሞ ለምን አልተናገርሽም?»

«ልጁ እንዲያ ሲደክም አሳዘነኝ።»

ጋሼ ፍርዳቸውን ሰጡ። «ቅዳሜ ሚዛን አልሄድም። ከአንደኛው ክፍል ጀምር፤ አሁን የተጻፈውን አንብብ።»

ሽማግሌዎቹ ቅዳሜ እንደማይመጡ ልነግራት ለነርሷ ደወልኩ።

«ሽማግሌዎቹ ለምን ቀሩ?»

«ዌልስ ውስጥ ሰው ሞቶ ነው።»

«ውይ! ዘመድ ነው?»

ሁሉንም ነገርኳት። «እኔንስ በየትኛው ዓምድ ነው የጻፍከኝ?» አለችኝ። ይህች ሴት መርማሪ መሆን ነበረባት።

በቀጣዮቹ ሁለት እሁዶች ሦስት ሦስት ክፍል እያደረግን ደገምነው። ገዳዩን እያወቅን ስናይ ፊልሙ ይበልጥ ያዘን፤ የዚህ ዓይነት ድራማ ውበት ምን እንደሆነ የገባኝም ያኔ ነው። ዋናው ማን ገደለ አይደለም። ሁሉም የሚተዋወቅበት አገር ውስጥ፣ በዝናቡ ሥር፣ ሁሉም እያወቀ የማይናገረው ነገር ነው። እረኛው በእንግሊዝኛ ሲጠየቅ ተራራውን ያያል፤ መርማሪዋ በእናቱ ቋንቋ ስትጠይቀው ግን መሬቱን አይቶ እውነቱን ይናገራል። ይህን ሳስረዳቸው ጋሼ ፊልሙን አስቆሙኝና በሸካ ቋንቋ ይቅርታ መጠየቅ አስጠኑኝ። እማማን በዚያ ቋንቋ ይቅርታ ጠየቅኩ። ሦስት ጊዜ አረሙኝ፤ በአራተኛው እሺ አሉ። ጋሼም የመዘምራን መሪው ሲገባ «አይ ልጄ፣ ምነው ረቡዕ መጥተህ ብትነግረኝ ኖሮ» ይሉታል።

ከዚያ ጋሼ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር በሚኒባስ ሚዛን፣ ወደ ነርሷ አባት ቤት ሄዱ። እዚያ የተባለውን ነርሷ ከመጋረጃ ጀርባ ሆና ሰምታ ነገረችኝ። አባቷ «ልጁ ጠባዩ እንዴት ነው?» ብለው ጠየቁ።

«ሥርዓት አለው፣ ሥራውን ይወዳል» አሉ ጋሼ። «ስድስት ሳምንት ዋሽቶኛል።»

የአባቷ ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ ተሰማ፤ ጋሼ ቀጠሉ።

«ማንም ሳያስገድደው ራሱ ተናገረ። ሲዋሽም በማስመሪያ አስምሮ ይጽፈዋልና ልጅዎ ውሸቱን ለማግኘት አትቸገርም።»

አባቷ «ምን ብሎ ነው የዋሸው?» አሉ። ጋሼ ከካባው ጀመሩ። ምሳው ቀዘቀዘ። መጨረሻው ላይ አባትየው መልሳቸውን ሰጡ፦ «በሚቀጥለው ቀጠሮ እንነጋገር። ልጁን ይዛችሁ ኑ፤ ፊልሙንም።»

እኔም በሚቀጥለው ቀጠሮ የወደፊት አማቴ ሳሎን ውስጥ፣ በሙሉ ልብስ፣ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሜ አስተረጎምኩ። የመዘምራን መሪው በመስኮት ገባ። አባትየው ወደ እኔ ዞሩ።

«ይሄ ማነው?»

ጋሼ ጣሪያውን ያያሉ። መጋረጃው ይንቀሳቀሳል።

«ውሽማዋ ነው» አልኩ።

«መልካም» አሉ። «ቀጥል።» እሺታቸውን የሰጡት ከአራተኛው ክፍል በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት ማንም እንዳያናግራቸው ብለው ነበር።

አሁን ተራው የእናንተ ነው። ቋንቋውን የማታውቁት፣ ዝናብ የሚበዛበት፣ ሰው የማይስቅበት ድራማ ፈልጉ። የምታከብሩትን ሰው አጠገባችሁ አስቀምጡ፤ አንዲት ቡና የምትለቅም እናት ካለች ደግሞ እሷን ፊት አስቀምጧት። ከዚያ የተጻፈውን እንደተጻፈ ተርጉሙ፤ ወደፊት የሚያዘልለውን ቁልፍ አትንኩ። እባካችሁ ሞክሩት።