ወፍጮው ሲዘጋ

መካነ ኢየሱስ በአንድ ፎቶ ቤት ተቀጥሬ ነበር። አሮጌው ኮምፒውተራችን ምስል የሚያወጣው የግራፊክስ ካርዱ ፈርምዌር፣ ማለትም የውስጥ ፕሮግራሙ፣ ካልታደሰ አዲሱን የፎቶ ማቀናበሪያ አልከፍት አለ። እድሳቱ ሳያልቅ መብራት ከተቋረጠ ደግሞ ካርዱ አለቀለት። ጎረቤታችን ያለው ወፍጮ በተነሳ ቁጥር መብራታችን ድርግም ይላል። ማታ ማታ መብራቱ ራሱ ይጠፋል። በበዓል ወፍጮው ያርፋል፤ በበዓል ግን እኛ ሰርግና ክርስትና ስንቀርጽ እንውላለን።

የፎቶ ቤቱ ባለቤት መላ አላጣም። «የሰፈር ሰው ሲሞት ወፍጮው ይዘጋል፤ ያኔ ይታደሳል» አለ።

ከዚያ በኋላ የታመመ ሁሉ እንዴት እንደዋለ ይጠይቅ ጀመር። ሰፈሩም «ደግ ሰው» አለው። ደግነቱን አፈር ይብላውና! እናቴ አልጋ ስትይዝ እኔንም በየጠዋቱ «እንዴት አደሩ?» ይለኝ ነበር። ስነግራት «ዕድሜ ይስጥልኝ» ብላ ትመርቀዋለች።

ያረፈች ዕለት ወፍጮው ተዘጋ፤ አገር ምድሩ ቀብር ወጣ። እሱ ብቻ አልመጣም።

ከሐዘን ተነስቼ ሥራ ስገባ ኮምፒውተሩ ታድሶ ጠበቀኝ። ባለቤቱ የእናቴን ፎቶ በስክሪኑ ሙሉ ከፍቶ ወደ እሱ ጠራኝ።

«እይማ» አለኝ በደስታ፣ «ሽበታቸው እንኳ አንድ ባንድ ይቆጠራል!»